ጋቢና የተቀመጡት

ይህ በእውነት የሆነ ነው።

ሰፈሩ «ቀደዳው» የሚለኝ ያለ ነገር አይደለም፣ አልክድም። ይህን ግን አልቀደድኩትም። ሰዓቱ ደግሞ ጅብ የሚጮህበት አይደለም፤ ረፋድ አራት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ፍንትው ብላ፣ እህቴ ደጃፍ ላይ...

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ።

ትንሽ የቅንጦት አውቶሞቢል ናት፤ ያገለገለች። በግጭት ፍተሻ አምስት ኮከብ አግኝታለች። ለሌላው ነገር ኮከብ የሚሰጥ የለም።

አንድ አመል ነበረባት። ጋቢናው ባዶ ሆኖ ሳለ ቀበቶ ይታሰር እያለች ትጮሃለች።

ጢን... ጢን... ጢን...

አምራቹ ያንን ሞዴል ለጥገና ጠርቶት ስለነበር ወሰድኳት። ሰው መቀመጡን የሚለየው፣ ወንበሩ ስር ያለው ሴንሰር ነው የተበላሸው ተባለ። መካኒኩ በአዲስ ቀየረው። ራሱ ተቀመጠበት፣ ጮኸች። ተነሳ፣ ዝም አለች። ከእንግዲህ ሰው ካልተቀመጠ ትንፍሽ አትልም ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

ከጋራዡ በር ሳልወጣ...

ጢን።

እንደ ማንኛውም ሰነፍ ሾፌር ባዶውን ወንበር በቀበቶ አሰርኩት። ዝም አለች። እንደታሰረም ቀረ።

የምኖረው ብቻዬን ነው። ወሬዬ የሰለቸው ሁሉ ሸሽቶኛል፤ እህቴ እንኳ ስልኬን የምታነሳው በስንት አንዴ ነው። መንገዱ ሲረዝምብኝ ለወንበሩ ማውራት ጀመርኩ። መንጃ ፈቃድ ልታወጣ የሄደችውን ፍየል ያወራሁት ለእሱ ብቻ ነው። ለሌላ ሰው ተንፍሼ አላውቅም።

አንዳንዴ ወሬው ሲጥም... ቀበቶው ቀስ ብሎ ይወጠራል። ለመስማት ጠጋ እንደሚል ሰው።

የመንገዱ ጉድጓድ ነው አልኩ።

ያን ቀን እህቴን ሐኪም ቤት ላድርስሽ ብዬ ለምኜ ለምኜ እሺ አስባልኳት። ደስታዬን አትጠይቁኝ። እንደ ድሮው እያወራን ልንሄድ ነው ብዬ ጋቢናውን ወለወልኩላት። ቀበቶውን መፍታት ግን ረሳሁ።

በሩን ከፈተች።

ቆመች።

«ውይ፣ ይቅርታ» አለች።

በሩን በቀስታ ዘግታ ከኋላ ገባች።

ሳቄ መጣ። የዓመታት ቀልዴን ልትመልስልኝ ነው ብዬ። እሷ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እንግዳ እንዳለህ አትነግረኝም?»

«የት?»

«ተው እንጂ... ይሰማሉ።»

እህቴ ቀልድ የሚባል ነገር አታውቅም።

ሐኪም ቤት ደርሰን እስክንመለስ ባዶውን ወንበር በጎን በጎን እያየሁ ነዳሁ።

ደጃፏ ላይ ስትወርድ «ኧረ ይግቡ» አለች። እኔን አንቱ ብላኝ አታውቅም።

ቀጭ።

ቀበቶው ተፈታና ወደ ቦታው ተጠቀለለ። የመኪናው በር አልተከፈተም። እህቴ ግን የግቢዋን በር ይዛ፣ ሰው እንደምታሳልፍ ወደ ጎን ቆመች።

ከዚያም በሩን ዘጋችው።

መኪናዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጮሃ አታውቅም። አንዳንዴ ሞተሩን አስነስቼ እጠብቃለሁ... ምንም። እህቴም ስልክ አታነሳም።

ትናንት ከሰዓት ሄጄ በመስኮቷ አየሁ።

ሶፋው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከጎኗ ያለው ትራስ ስርጉድ ብሏል።

እየሳቀች ነበር። በወሬዬ ፈገግ ብላ የማታውቀው እህቴ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«እና ፍየሏ» አለች ወደ ትራሱ ዞራ፣ «መንጃ ፈቃዱን አገኘች?»

ትራሱ ቀስ ብሎ... ወደ እሷ ጋደል አለ።