ጥቁሩና ቢጫው

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

የሥዕል አስተማሪው እንዲህ ያሏት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ቆማ፣ የመጨረሻውን ሥዕሏን ግድግዳው ላይ ስታቃና ነው። ልጅቷ መዶሻውን እንደያዘች ዞር አለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ሁሉም ሰላም ነበር፤ ምን መጥቶ ነው የምትጽናናው?

«ምኑን ነው ያልነገርኩዎት ቲቸር?»

«የአባትሽን ነዋ! ጓደኛሽ ባትነግረኝ እኔማ ምን አውቅ ነበር?» አሉና ዓይናቸውን እየጠራረጉ ሄዱ።

ጓደኛሽ የተባለችው ማን እንደሆነች ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም፤ ራዲዮ ናት። ስሙን ያወጣላት ክፍሉ በሙሉ ነው፣ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ። ልጅቷን ራሷን ደግሞ «ቀለሜ» ይሏታል። ቀለሜ የሚባለው መቼም ደብተሩ ላይ ተደፍቶ የሚውል ተማሪ ነው፤ እሷ ግን ስሙን ያገኘችው ጥፍሯ ሥር ቀለም ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። በሒሳብ ውጤቷ ቢሆንማ ማንም እንዲህ ብሎ አይጠራትም ነበር።

ራዲዮ ጽሕፈቷ ስለሚያምር የሥዕሎቹን ርዕስ ጽፎ የመለጠፍ ሥራ የተሰጠው ለእሷ ነው። ቀለሜ ከወንበሩ ወርዳ ከጥቁሩ ሥዕል ሥር ያለውን አነበበች። «ስንብት። ለሟቹ አባቴ» ይላል።

«አንቺ!» አለች፣ ሙጫ ይዛ የምትመጣውን ጓደኛዋን ክንዷን ይዛ። «አባቴን በቁሙ ቀበርሽው?»

«ቀስ በይ በናትሽ፣ ሰው ይሰማል! እኔ መቼ አስቤበት? ቲቸር ‹ይሄ ሁሉ ጥቁር ምንድን ነው?› ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። አለቀሱ'ኮ! ደግሞ ሄደው ለእንግዳዋ ሠዓሊ ደውለው ነገሯቸው። ‹ይህቺን ልጅ ማየት አለብኝ› አሉ አሉ። ገባሽ? አንቺን ነው የሚወስዱት!»

ቀለሜ ልትቆጣ የከፈተችውን አፏን ዘጋች። ሠዓሊዋ ዛሬ የሚመጡት ከተማሪዎቹ አንድ ሰው መርጠው፣ የእረፍቱን ጊዜ ስቱዲዮአቸው ውስጥ አብሯቸው እንዲሠራ ሊወስዱ ነው። ኩሽና ጥግ ተቀምጣ፣ የተሰነጠቀ ሳህን ላይ ቀለም ስትደባልቅ ለኖረች ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እውነተኛ ሠዓሊ ብሩሽ ሲይዝ እንኳ አይታ አታውቅም።

«አባትሽ እንደሆነ መንገድ ላይ ነው» አለች ራዲዮ። «እስኪመለስ ኤግዚቢሽኑ ያልቃል። እናትሽ ከሰዓት ስትመጣ ወረቀቱን እገነጥለዋለሁ። አንቺ ብቻ ዝም በይ። ውሸቱ የኔ ነው፣ አንቺ ምን አደረግሽ?»

ቀለሜ የሰቀለቻቸው አራቱም ሥዕሎች የአንድ ክፍል ናቸው፣ የቤታቸው ሳሎን። ግን ሶፋ የለ፣ መስኮት የለ፣ ሰው የለ፤ ቀለም ብቻ ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ሲገባ፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ዘፍ ብሎ ይተኛል። ያኔ መጋረጃው ይዘጋል። እናቷ ድስቱን ስትከድን እንኳ በቀስታ ነው፣ ትንሹ ወንድሟ በጣቱ ይራመዳል፣ አባባ ያንኮራፋል። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ የሚሆነው በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ጥቁሩ ሥዕል ይኸው ነው። ሰማያዊውን፣ ቡናማውን፣ ወይን ጠጁን በውሃ እያቀጠነች፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረበች ስትሠራው ታንጎራጉር ነበር። የምትሠራበት አክሪሊክ ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል፤ እሷም እስኪጠቁር ነበር የምትጠብቀው።

ቢጫው ደግሞ አባቷ በሚሄድበት ዕለት ነው። እሱ ከበር እንደወጣ እናቷ መጋረጃውን ግልጥ ታደርግና «እሰይ፣ ቤታችን በራ!» ትላለች። ፀሐዩ ባዶው ሶፋ ላይ ይወድቃል። ቀለሜ ያንን ብርሃን አትወደውም፤ ሥዕሉን የሳለችውም እያለቀሰች ነው። ይህን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ራዲዮ ከሥሩ «ደስታ» ብላ ለጥፋለታለች።

ሠዓሊዋ ረፋዱ ላይ መጡ። ፀጉራቸው አጭር ነው፣ የሱሪያቸው ጉልበት ላይ የደረቀ ቀለም አለ። አስተማሪው ከኋላ ከኋላቸው ይላሉ። ጥቁሩ ሥዕል ፊት ሲደርሱ ቆሙ፣ ቆይተውም አልተንቀሳቀሱም።

«እኔም አምና አባቴን ቀበርኩ» አሉ በመጨረሻ፣ እጃቸውን ቀለሜ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው። «ይሄን ቀለም አውቀዋለሁ። በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ አድርገሽ መሣልሽ...»

ራዲዮ ከአስተማሪው ጀርባ ሆና ዓይኗን ጠቀሰች። አለቀ በቃ፣ ተመርጠሻል ማለቷ ነው። ቀለሜ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ግን ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ ከበዳት፤ የእኚህ ሴት ሐዘን እውነተኛ ነው፣ የሷ አባት ደግሞ ይሄኔ መሪውን ይዞ ያፏጫል።

«እትዬ» አለች፣ «አባቴ አልሞተም።»

እጁ ከትከሻዋ ተነሳ። አስተማሪውን ሳል ያዛቸው። ራዲዮ የአዳራሹን ጣሪያ መመርመር ጀመረች።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጨለማ?» አሉ ሠዓሊዋ።

«መጋረጃው ተዘግቶ ነው። አባባ ሌሊት ሲነዳ አድሮ ተኝቷል። እንዳይነቃ ሁላችንም በሹክሹክታ ነው የምናወራው።» ፊቷ ጋለ። «ከሁሉም የምወደው ሰዓት ነው። ይቅርታ፣ እንዲያዝኑ ብዬ አይደለም።»

ሠዓሊዋ ሥዕሉን እንደገና አዩት። መጀመሪያ ፊታቸው ተኮሳተረ፣ ኋላ ግን ጠጋ ብለው ጥቁሩን በዓይናቸው በረበሩት። «እኔ'ኮ ወይን ጠጁን አላየሁትም ነበር» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ቢጫው ዞሩ። «ይሄኛውስ? ደስታ ነው የሚለው።»

ቀለሜ አፏን ከፈተች። እናቷ ትዝ አለቻት፣ መጋረጃውን ስትገልጥ ፊቷ ላይ የምታመጣው ፈገግታ። ለልጆቿ ብላ ነው'ኮ ቤቱን የምታበራው።

«አዎ» አለች። «ደስታ ነው።»

«እሺ» አሉ ሠዓሊዋ። ሳይወቅሷትም፣ ሳያሞግሷትም ወደሚቀጥለው ተማሪ ሥዕል አለፉ።

«ጉድ ሠራሽኝ» አለች ራዲዮ ሹክ ብላ። «ቲቸር እንዴት እንዳዩኝ አየሽ? አፈር በላሁ! የአንቺም ነገር በቃ ውሃ በላው። ምናለ ዝም ብትይ?»

ቀለሜ የ«ስንብት»ን ወረቀት ገንጥላ ጨመደደችውና ራዲዮ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቢጫው ፊት ቆመች። እዚህ ማንም የጠየቃት የለም። አስተማሪው ጠዋት «ይሄን ርእሰ መምህሩ ቢሯቸው ሊሰቅሉት ይፈልጋሉ፣ ፊት ያፈካል» ብለዋታል። ሠዓሊዋ ከአዳራሹ ሌላ ጫፍ ደርሰው የአንድ ልጅ ፈረሶች ላይ አጎንብሰዋል፤ ወደዚህ አያዩም።

«ማርከርሽን አምጪ» አለች።

«ደግሞ ምን ልትሆኚ?»

«አምጪ አልኩሽ'ኮ።»

«ደስታ» የሚለውን ወረቀት ጥግ በጥፍሯ ፈልቅቃ ላጠችው። ገልብጣም በራሷ ጠማማ ጽሕፈት «አባባ የሄደ ዕለት» ብላ ጻፈችበትና መልሳ ለጠፈችው። ራዲዮ አነበበችው፣ ቢጫውን አየች፣ እንደገና አነበበችው። ማርከሯን ተቀብላ ክዳኑን ገጠመችው።

«እናትሽ...» አለች ኋላ ላይ፣ ወደ በሩ እያየች።

እናቷ ካለችው ሰዓት ቀድማ፣ ትንሹን ወንድሟን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ በዓይኗ ትፈልጋታለች። ቀለሜ ሥዕሉን በጀርባዋ ጋርዳ እንደቆመች ያኔ ነው የታወቃት። እጇን አውለብልባ እናቷን ጠራቻት፣ ከሥዕሉም ፊት ዞር አለች።