የነዳጁ ጠቋሚና የኢንጂነሩ ምስክርነት

ዘመናትን በቃሉ የሚያቆም፣ የተሰወረውንም ሳይነገረው የሚያውቅ አምላክ ይክበር፤ እኛ ዛሬ በድካም የምንተርከውን እርሱ በዕለቱ አይቶታልና።

በከተራ ዕለት ረፋድ ላይ፣ በስደት በምንኖርበት ብርዳማ አገር ከዞሰንሃይም ሰፈር ወጣ ባለ የእርሻ መንገድ ዳር፣ የሰበካው አሮጌ መኪና ነዳጅ ጨርሳ ቆማ ተገኘች። በውስጧ የልብ ሕመምተኛው አረጋዊ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው በብርድ ዐርፈዋል። ያሽከረከሩት አቶ ገናናው ነበሩ፤ «ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ነዳጅ ፍለጋ በእግሬ ሄድኩ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስመለስ ሞተው አገኘኋቸው» አሉ።

አቶ ገናናው ለአርባ ዓመት ያህል «ኢንጂነር» ካልተባሉ አቤት የማይሉ ሰው ናቸው። በእሑዱ ጉባኤ የሰበካው ሊቀ መንበር ሆነው ሊመረጡ ነበር። እርሱ ጠቋሚውን አበላሸ፣ እርሷ መኪናዋን ባዶ መለሰች ብለው ጥፋቱን በመካኒኩ በእንዳሻውና በወጣቷ በሕሊና ላይ ጣሉት። ሕሊና አረጋውያንን የምትንከባከብ ጥገኝነት ጠያቂ ስትሆን፣ አደጋው ከመድረሱ አንድ ቀን ቀደም ብላ መኪናዋን የመለሰችው እርሷ ነበረች። ሰኞ ፖሊስ ዘንድ ትቀርባለች፤ ጥፋተኛ ከተባለች ሥራዋም የመኖሪያ ፈቃድዋም አበቃ ማለት ነው።

ቀሲስ ኪዳነወልድ ወይዘሮ ሰገንን አስጠሩ። ወይዘሮ ሰገን የተጋጩና የተቃጠሉ መኪኖችን ለመድን ድርጅቶች ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ውሸት አያስደንቃቸውም፤ በቅጡ ያልተሠራ ውሸት ግን ይንቃሉ።

አስቀድመው ግሪስሃይም ሰፈር፣ እንዳሻው ወደሚሠራበት ጋራዥ ሄዱ።

«ባለፈው ወር የመኪናዋን ምኗን ነካህ?»

«ፍሬኗን ብቻ፣ እትዬ። የነዳጁ ማጠራቀሚያ፣ ሰልባትዮው አጠገብ አልደረስኩም።»

«የነዳጁ ጠቋሚ፣ ጌጁስ ደኅና ነበር?»

«ከእኔ ይልቅ እውነት ይናገር ነበር!»

ሕሊና ግን ዓይኖቿ አብጠው ጠበቀቻቸው።

«ልጄ፣ መኪናዋን ባዶ መልሰሻታል?»

«አዎ እማማ፣ ለሥራ ቸኩዬ ነው። ግን ቁልፉን ለኢንጂነር ስሰጣቸው ‹ጋሼ፣ ጠቋሚው ታች ተኝቷል፤ መጀመሪያ ታንክሽቴለ፣ ማደያው ገብተው ይቅዱ› ብያቸዋለሁ። ‹አንቺ ለኢንጂነር ስለ ነዳጅ ታስተምሪያለሽ?› ብለው ሳቁብኝ።»

«ሟቹ ሰሞኑን ያሉሽ ነገር አለ?»

«‹እሑድ ስለ አንድ የድሮ ጓደኛዬ እውነቱን ለጉባኤው እናገራለሁ፤ ከዚህ በላይ ብሸፍንለት ኃጢአቱ የእኔም ነው› ይሉ ነበር። ስሙን አልነገሩኝም።»

አቶ ገናናው ፕሮይንገስሃይም ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ከራቫታቸውን አስረው ተቀበሏቸው።

«ስነሣ ጌጁ ሙሉ ይል ነበር» አሉ። «ከኋላ ወንበር ሥር ያለው፣ የነዳጁን መጠን ለጌጁ የሚነግረው የሴንሰሩ ሽቦ ተበጥሶ ነው። ሽቦው ሲበጠስ ጠቋሚው ሙሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ለእርስዎ ማስረዳቱ ይከብዳል እንጂ።»

«ይሞክሩ፣ ኢንጂነር። ቀስ ብለው።»

እንደ ሕፃን አስረዷቸው። ወይዘሮ ሰገንም አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ በገዛ እግሩ ወደ ገደል የሚሄድን ሰው መግፋት አያስፈልግምና።

ከዚያ ወይዘሮ ሰገን ወደ መኪናዋ ሄደው የኋላውን ወንበር አነሡ። ሽቦው በእርግጥ ተቆርጧል፤ ነገር ግን ሌላው ብረት ሁሉ በእርጥበት ዝጎ ሳለ የተቆረጠው መዳብ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ነዳጁ ላይ እየዋለለ መጠኑን የሚለካውን ተንሳፋፊ አውጥተው ሞከሩት፤ ያለ እንከን ይወጣል፣ ይወርዳል።

በሠልስቱ ቀን ሁሉም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ሰገን የጠሯት የፖሊስ መርማሪም በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ነዳጁን እስከ አፉ ሞልተነዋል፤ ሽቦው ግን እንደ ተቆረጠ ነው። ኢንጂነር፣ ቁልፉን ያዙሩልን።»

አዞሩት። ጠቋሚው ከታች ሳይነሣ ቀረ።

«ሙሉ ላይ ይጣበቃል አላሉኝም?»

እንዳሻው ሽቦውን አገናኘ። ጠቋሚው ቀስ እያለ እስከ ላይ ወጣ።

«እንግዲህ ስሙ» አሉ ወይዘሮ ሰገን። «በዚያ ቀን ሽቦው ተቆርጦ ከነበረ፣ ጌጁ ባዶ ይል ነበር። ደኅና ከነበረም፣ ነዳጅ ስላልነበረ ባዶ ይል ነበር። ሙሉ የሚታይበት መንገድ የለም። እርስዎ ባዶነቱን እያወቁ ሕመምተኛ ሰው ጭነው መንገደኛ ወደማይበዛበት ወሰዱ። ማደያው በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆዩ። ሽቦውን የቆረጡት ለውሸትዎ ምርኩዝ ፍለጋ ነው፤ ማንም ወንበሩን ሳያነሣ ቦታውን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ለምን ብዬ ጓደኛዬን እገድላለሁ?»

«መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እውነተኛ ኢንጂነር ግን ሳይሞክር አይመሰክርም። ሀብተጊዮርጊስ እሑድ ስለ ድሮ ጓደኛቸው ሊናገሩት የነበረው ይህንኑ፣ ኢንጂነር አለመሆንዎን ነው። ዲፕሎማዎ የት አለ?»

አቶ ገናናው ከራቫታቸውን ፈቱ።

«የኮሌጁን ሁለተኛ ዓመት እንኳ አልጨረስኩም። አንድ ቀን ሊቀ መንበር ብባል ምን ነበረበት?»

«ለወንበር ነው?» ወይዘሮ ሰገን ፊታቸውን አዞሩ። «እኔ ደግሞ ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር።»

መርማሪዋ ሰውየውን ይዛ ስትወጣ፣ ቀሲስ ኪዳነወልድ የመኪናዋን ቁልፍ ለሕሊና ሰጧት። እርሷም አረጋውያኑን አሳፍራ፣ ጌጁን ሁለት ጊዜ አይታ፣ ወደየቤታቸው አደረሰቻቸው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ከትዕቢት ይጠብቅ፤ አረጋውያናችሁን ብርድ አያግኛቸው፤ ልጆቻችሁንም ከሐሰት ምስክር ይሰውር። አሜን።