የስድስቱ ሞተሮች ፊርማ

ሲስተሙ እንዲህ ይላል፦ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስድስት የፓምፕ ሞተሮች እንዲወጡ ፈቀዱ።

ኃላፊው ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ «በዚያ ሰዓት ሆስፒታል ነበርኩ። የሚስቴን እጅ ይዤ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ዐረፈች።»

መርማሪዋ ሁለቱንም ጻፈች። ሆስፒታል መሆናቸው ብቻውን አያድናቸውም፤ በስልክም መፍቀድ ይቻላል። ሞተሮቹ ሕጋዊ ወረቀት ይዘው በዋናው በር ወጥተው ጠፍተዋል። ሽማግሌው ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል። በሌብነት ከተባረሩ የሠላሳ ዓመት ስማቸው አፈር ይበላል።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የኮምፒውተር ባለሙያዋን ነበር። የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል በእጇ ነው።

«እኔ ብሰርቅ ዱካዬን የማላጠፋ ይመስልሻል?» አለች ባለሙያዋ። «ነይ ላሳይሽ።»

ግዢውን፣ ንብረቱንና ጥገናውን አንድ ላይ የሚያስተዳድረው ሲስተም ካለፈው ወር ጀምሮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨምሮበታል። ኃላፊው በዐሥር ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ የቀድሞ ውሳኔዎቹን አይቶ በስሙ ይወስናል።

«ጋሼ የሌላውን ክፍል ጥያቄ በመነጽር ነው የሚፈትሹት። የጥገና ክፍልን ጥያቄ ግን በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ውድቅ አላደረጉም። ሳያነቡ ይፈርማሉ። ማሽኑም ይህንኑ ተማረ።»

«ለምን ሳያነቡ?»

«የክፍሉ አለቃ የእህታቸው ባል ነዋ።»

ጥያቄው የተላከው ከጥገና ክፍል ኮምፒውተር ነው። በእሱ ደግሞ ሰባት ሰው ይጠቀማል። መርማሪዋ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ሆስፒታል ሳሉ ማን ደወለልዎ?»

ስልካቸውን አውጥተው ብዙ አዩት።

«አማቼ፣ የእህቴ ባል። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«ምን አለዎት?»

«እንዴት ዋለች አለኝ። ከዚያ፣ ስልኩን አጥፋውና አጠገቧ ሁን፣ ሥራው የትም አይሄድም አለኝ። ደግነቱ አስለቀሰኝ።»

«አጠፉት?»

«አጠፋሁት።»

ዘጠኝ ከሁለት ላይ ጥያቄው ተላከ። ዘጠኝ ከዐሥራ ሁለት ላይ ማሽኑ ፈረመ።

ሞተሮቹ አማቻቸው በተከራየው ባዶ ቤት ውስጥ ከነካርቶናቸው ተገኙ። ሰውየው በመርማሪዋ ቢሮ፣ በሽማግሌው ፊት አልካደም።

«ሲስተሙ ለጥገና ክፍል ሁለት ሰው ይበቃል ብሎ እቅድ አወጣ» አለ። «ሃያ ዓመት በግሪስ የታጠብኩበትን ክፍል። የራሴን ወርክሾፕ ልከፍት ነበር። ጋሼ፣ ማሽኑ ተሳሳተ ይላሉ እንጂ አንተን ይይዙሃል ብዬ አላሰብኩም።»

«የሚስቴን የሬሳ ሣጥን ከፊት ሆነህ ተሸክመሃል» አሉ ሽማግሌው።

አንገቱን ደፋ። ፖሊስ ይዞት ወጣ።

እህታቸው ጠዋት ቤታቸው መጥታ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ ሞተሮቹን በቃል አውሼው ነው በል። ልጆቼን አስብ» ብላ ጉልበታቸውን ይዛ ለመነች። ድሮ፣ ከሲስተሙ በፊት፣ ዕቃ በቃል መዋዋስ የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ነበር፤ መርማሪዋም ይህን ሰምታለች።

«አውሰውት ከሆነ ስርቆት አይባልም» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ጥፋቱ ግን የእርስዎ ይሆናል።»

በመስኮቱ በኩል፣ ሞተሮቹ ሊተከሉለት የነበረው ሰፈር ሰዎች ባዶ ጀሪካን ደርድረው ይታያሉ። ከበሩ መስታወት ኋላ የእህታቸው ጥላ ቆሟል።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ጻፊ ልጄ» አሉ፣ ከበሩ ኋላ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አላዋስኩትም። ስትጨርሺ ስጪኝ፤ አንብቤ እፈርማለሁ።»