አሥራ አንድ ጥሪ

«ወንድሜ አባቴን ገድሎታል» አለች መምህሯ፣ ገና ወንበሩን ስባ ሳትቀመጥ።

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀምጣ አየቻት። ሃያ ሁለት ዓመት በምርመራ ሥራ ያሳለፈች ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ድገምልኝ» እያሉ ይጠሯታል፤ ሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ካልነገራት አታምንምና። ቅጽል ስሟን ከሰማች ቆይታለች፤ ብዙም አልከፋትም።

«እስቲ ድገሚልኝ።»

«በቢላ ወይም በመርዝ አላልኩም። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አባታችንን ልቡ ሲይዘው አሥራ አንድ ጊዜ ደወለለት። አሥራ አንድ ጊዜ! ወንድሜ አናጢ ነው፤ የሚሠራበት ቦታ ከአባቴ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አላነሳም።»

«እሱ ምን ይላል?»

«‹አንድም ጥሪ አልደረሰኝም› ይላል። አጥፍቶት ነው እንጂ የት ይሄዳል? የአባቴ ስልክ እንደሆነ አይዋሽም።»

ከቦርሳዋ በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከአባቷ መዳፍ ፈልቅቀው ነበር የወሰዱት። ስልኩ አዲስ ነው፤ ጀርባው ላይ አንዲት ጭረት ብቻ አለችው። መርማሪዋ የጥሪውን ዝርዝር ከፈተች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ እስከ አራት ሰዓት ከሩብ «ልጄ» የሚል ስም አሥራ አንድ ጊዜ ተደርድሯል። የሐኪሙ ወረቀት ደግሞ ሟቹ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ማረፋቸውን፣ በጊዜው የደረሰላቸው ቢኖር ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር ይገልጻል።

«አሥራ አንድ መሆኑን መጀመሪያ ያየው ማን ነው?»

«አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም። ስልክ ጠጋኝ ነው። እኛ ስንጮህ እሱ ነው ስልኩን ከፍቶ ያየው።»

ስልክ አለማንሳት በሕግ አያስጠይቅም። መርማሪዋ ይህንኑ ልትነግራት አፏን ስትከፍት መምህሯ ቀደመቻት።

«ይታሰር አላልኩም። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። ግን እውነቱን ሳላውቅ ፊቱን ማየት አልችልም። ከቀብሩ ወዲህ አላናገርኩትም» አለች።

መርማሪዋ አናጢውን ሥራ ቦታው ላይ ሳንቃ ሲልግ አገኘችው። ልጎ ልጎ እንጨቱን ለሥራ እስከማይሆን ድረስ አቅጥኖታል፤ እሱ ግን ልብ አላለም። ጉንጩ ገብቷል፣ ልብሱ ሰፍቶታል።

«ከአባትህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ማክሰኞ» አለ፣ መላጊያውን ሳያስቀምጥ። «‹ልብህ ታማሚ ነው፣ ብቻህን አትኑር፣ እኛ ጋ ና› አልኩት። ‹ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም› አለኝ። ተናደድኩ። ‹እንግዲያው ሲያምህ እኔ ጋ እንዳትደውል› አልኩት።» መላጊያውን አስቀመጠ። «አፌን በቆረጠው።»

«ከዚያስ?»

«ቁጥሩን ዘጋሁበት።»

«ድገምልኝ።»

«ቁጥሩን ዘጋሁበት፣ እንዳይደውልልኝ። ለአንድ ሰዓት ብቻ! ወዲያው ቆጨኝና ከፈትኩለት። የከፈትኩለት ይመስለኛል። እህቴ ስትጮህብኝ እምለው ጠፋኝ። ሌሎቹ ሲያዩኝ… እኔንጃ፣ ምናልባት እውነትም ገድዬው ይሆናል።»

የገዛ ስልኩን አቀበላት። ቁጥሩ አልተዘጋም፤ ያልተነሳ ጥሪም የለበትም። መርማሪዋ ግን የተዘጋ ቁጥር ከሞቱ በኋላም ሊከፈት፣ ዝርዝሩም ሊጠፋ እንደሚችል ታውቃለች፤ ስልኩን መልሳ ሰጠችው። ስትወጣ ዞር ብላ አየችው። ቆሞ ቀርቷል። አንጀቷን በላት።

ሟቹ አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት የጽሑፍ ስሕተት አራሚ ሆነው የሠሩ ሰው ነበሩ። ክፍላቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ያለ ቦታው የተቀመጠ ዕቃ አይታይበትም። የመብራቱም፣ የሬዲዮኑም፣ የመነጽሩም ካርቶን እስከ ደረሰኙ መሳቢያ ውስጥ ተሰድሯል። የስልኩን ሳጥን ስትከፍት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ከውስጡ ወደቀች። ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ሥር ተጽፈዋል፤ የማይመሳሰሉት አኃዞች በቀይ ተከበዋል። የላይኛው ሳጥኑ ላይ የታተመው መለያ ቁጥር ነው። ከሥር የረቡዕ ቀንና ሁለት መስመር ጽሑፍ ነበር። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ አንብባ ወረቀቷን ኪሷ ከተተች።

ከዚያ በሟቹ ስልክ ወደ ራሷ ስልክ ደወለች። ከላይ የፋይቭ ጂ ምልክት ይታያል፣ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፤ ጥሪው ግን ሳይጠራ ተቋረጠ። ደገመችው። ያው ነው። ቪዲዮ ስትከፍት ግን ሳይቆራረጥ ታየላት።

የሟቹ ጎረቤት የሆነች ልብስ ሰፊ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር።

«እኔ ነኝ ያገኘኋቸው» አለች፣ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «ተጣርተው ይሆናል እኮ፣ ልጄ! የስፌት መኪናዬ ሲንጓጓ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም። ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካሁትም፤ እጄ እንቢ አለኝ።»

«ቤተሰቡ ከመጣ በኋላ ምን አዩ?»

«ምን አያለሁ፣ ልቅሶ ነው። ወንድማቸው ብቻ ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ውኃ ልቀዳ ስወጣ የሟቹን ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የራሱን በሌላ እጁ ይዞ ትክ ብሎ ያየዋል። ለሰው የሚነግር መስሎኝ ነበር።»

«ሲያወራ ሰሙት?»

«አይ። ዝም ብሎ ነው የቆመው። ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያ ገብቶ ‹ልጁን አሥራ አንድ ጊዜ ደውሎለታል› አለ፤ ቤቱ በጩኸት ተሞላ።»

የአጎትየው ሱቅ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል ብሎን ሲፈታ ደረሰች። እጁ እውነትም የሠለጠነ ነው።

«የወንድምዎን ስልክ ነክተውት ያውቃሉ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት ባትሪ ቀይሬለታለሁ። ባትሪ ብቻ!»

መርማሪዋ እዚያው ቆማ በሟቹ ስልክ ደወለች። ኪሷ ውስጥ ያለው ስልኳ ጮኸ።

«ይኸው፣ ይሠራል!» አለ አጎትየው፣ ማንም አይሠራም ሳይለው። «ረቡዕ ዕለት ራሱ አምጥቶት እዚሁ ደውለን ነበር። ምንም አልሆነም አልኩት። ኧረ ከእኔም ስልክ ይበልጣል፣ ፋይቭ ጂ ነው እኮ!»

በማግስቱ የስልክ ድርጅቱ መሐንዲስ፣ ቀልጠፍ ያለች ወጣት፣ የጥሪ መዝገቡን አውጥታ አሳየቻት።

«ሐሙስ ዕለት ከዚህ ቁጥር የወጣ ጥሪ የለም።»

«ተቀባዩ ቁጥሩን ዘግቶት ቢሆንስ?»

«ቢዘጋው እንኳ ጥሪው እኛ ጋ ደርሶ ይመዘገብ ነበር። ይሄ ግን ከስልኩ አልወጣም።»

«ምልክቱ ሙሉ ሆኖ? ፋይቭ ጂ እያለ?»

ወጣቷ ፈገግ አለች። «ሰው ሁሉ ምልክቱን አይቶ ያምናል። አንድ ስም ያለው ስልክ እኮ ለየአገሩ ገበያ ለየብቻ ይሠራል። ውጪው አንድ ነው፤ የሚለየው የውስጡ ቦርድ ነው። አንዳንዱ የእኛን አዲስ ኔትወርክ ለኢንተርኔት ብቻ ነው የሚያውቀው። ለድምፅ ጥሪ ሲሆን ወደ አሮጌው ኔትወርክ ይወርዳል።»

«አሮጌው ከሌለስ?»

«መውረጃ የለውማ! ቪዲዮ ያሳያል፣ ምልክቱ ይበራል፤ ለእርዳታ እንኳ ልደውል ቢሉ አይወጣም። ለዚህ ነው አሮጌውን በአንዴ ሳይሆን ሰፈር በሰፈር የምናጠፋው። እዚህ» አለች ካርታው ላይ በጣቷ እየጠቆመች «ሰኞ ጠፋ። እዚህ ደግሞ ገና ነው፣ በሚመጣው ወር።»

የመጀመሪያው የሟቹ ሰፈር ነበር። ሁለተኛው የአጎትየው ሱቅ ያለበት።

ከሰዓት በኋላ አራቱም በሟቹ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። መምህሯ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ወንድሟ በሩ ጥግ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው የነበረው ባዶ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ፣ አጎትየው ከጠረጴዛው ጎን ነበሩ።

«ከልጁ እጀምራለሁ» አለች መርማሪዋ። «የዘጋውም፣ ያጠፋውም ጥሪ የለም። ከአሥራ አንዱ ጥሪ አንዱም አልደረሰውም፤ ከዚህ ክፍል አልወጡምና። የስልክ ድርጅቱ መዝገብ ይኸው።»

አናጢው ቀና አለ። እህቱ ወረቀቱን ነጥቃ አንብባ፣ እንደገና አነበበች።

«ስልኩ ከዚህ አይደውልም፣ ከሱቁ ይደውላል። እዚህ ሰፈር ሰኞ ዕለት አሮጌው ኔትወርክ ጠፍቷል፤ ይህ ስልክ ደግሞ ያለ እሱ ድምፅ ማስተላለፍ አይችልም። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ለእኛ አገር የተሠራ፣ በአዲሱም መደወል የሚችል ስልክ መለያ ነው። ስልኩ ራሱ የሚያሳየው የውስጥ ቁጥር ሌላ ነው። ሽፋኑ የአባታችሁ ነው፣ ጭረቱም የሱ ነው። ውስጡ ተቀይሯል። የስልክን ውስጥ አውጥቶ ሌላ የሚያስገባ ሰው ከመካከላችሁ ማነው?»

ሁሉም ወደ አጎትየው ዞሩ።

«ስሕተት ሊሆን ይችላል» አለች መርማሪዋ። «ሱቅ ውስጥ ሞክረውት ሠርቷል፣ እስከዚያ ድረስ አምናለሁ። ሐሙስ ዕለት ግን ኮሪደሩ ላይ በወንድምዎ ስልክ ወደ ራስዎ ስልክ ደወሉ። ልብስ ሰፊዋ አይታለች። አልጠራም። ነገሩ ያን ጊዜ ገባዎት። ከዚያ ተመልሰው ‹ልጁን አሥራ አንድ ጊዜ ደውሎለታል› ብቻ አሉ።»

አጎትየው መነጽሩን አወለቀ።

«ባትሪውን ስቀይር ቦርዱ እጄ ላይ ተቃጠለ» አለ። «በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን! ከውጭ የመጣ አንድ የተሰበረ ስልክ ነበረኝ፣ ስሙም መልኩም ያው፤ የዚያን ቦርድ አወጣሁና ገጠምኩለት። ወንድሜ ለሰው ሁሉ ‹የታናሼ እጅ ወርቅ ነው› ይል ነበር። ‹አበላሸሁብህ› ማለት አቃተኝ። ይገድላል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

«ያውቁ ነበር» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

«ማን?»

ቁራጭ ወረቀቷን አውጥታ አነበበች። «‹ከቤት አይደውልም፤ ከታናሼ ሱቅ ይደውላል። የውስጡ ቁጥር የሳጥኑ አይደለም። ቅዳሜ ሲመጣ ለብቻው ልንገረው፣ ልጆቹ ፊት እንዳያፍር።› ወንድምዎ ረቡዕ ዕለት ነው የጻፉት።»

አጎትየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልብስ ሰፊዋ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

«እንግዲያው» አለ አናጢው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «እምቢ ብዬ ያላነሳሁ አልመሰለውም?»

መርማሪዋ ያላየችውን የምትናገር ሴት አይደለችም። «ስልኩ እንደማይሠራ ያውቁ ነበር። ቢሆንም ሞከሩ፤ ወደ ሌላ ሰው ሳይሆን ወደ አንተ። ከዚህ ሌላ የምነግርህ የለኝም።»

አናጢው ተነሥቶ አጎቱ ፊት ቆመ። ሁሉም ይመታዋል ብለው ፈሩ።

«ጋሼ» አለ። «በቀብሩ ዕለት አቀፉኝና ‹እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፣ እግዜርም ይቅር ይበልህ› አሉኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅዎን ሳምኩ።»

«አዎ» አለ አጎትየው፣ ፊቱን ሳይገልጥ።

«ያን ጊዜ ያውቁ ነበር።»

«አዎ።»

አናጢው ጀርባውን ሰጠው። መርማሪዋ አጎትየውን ክንዱን ይዛ አስነሣችው፤ ማስረጃ መደበቁና ሰው በሐሰት መወንጀሉ የሚጠየቅበት ቢሮ ነበረ። እሱም እንደ ሕፃን ተከተላት። ደረጃውን ሲወርዱ ከላይ የመምህሯ ድምፅ ተሰማ፤ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» ትል ነበር፣ ሌላ ቃል የጠፋባት ይመስል። ቀጥሎ የወንድ ልቅሶ መጣ። አናጢው እስከዚያን ሰዓት ድረስ ሲያለቅስ የነበረው ለገዛ ጥፋቱ ነበር። አባቱ መሞታቸው ገና አሁን ገባው።