ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው መዝገብ

ጌታነህ የሞተው ቅዳሜ ነው፤ የተገኘው ግን ሰኞ ጠዋት፣ ባለጉዳዩ በር ላይ ተሰልፎ «ዛሬስ ሲስተም አለ?» እያለ ሲጠይቅ ነው። የማሽኑን ክፍል ሲከፍቱት በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት። ከክፍሉ በር ውጪ፣ በጠባቡ ኮሪደር ውስጥ፣ ነዳጁን ጨርሶ ጸጥ ያለ ጄኔሬተር ቆሟል።

ኢንስፔክተር ውብአየሁ ከአርባ ምንጭ ተነሥታ፣ የሚያዝያ 2006ን ጭቃ እያቋረጠች ከደጋዋ የወረዳ ከተማ ስትደርስ ሪፖርቱ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ጠበቃት። የጻፈው የአገልግሎት ማዕከሉ አስተባባሪ አቶ ላቀው ነው። ሟች ዝናብ ፈርቶ ጄኔሬተሩን ወደ ውስጥ በማስገባቱ በጭስ ታፍኖ ሕይወቱ አልፏል ይላል። አለቃዋም ስልክ ደውሎ፣ ነገሩ አደጋ ስለሆነ በቶሎ ዘግታው እንድትመለስ ነገራት። ውብአየሁ «እሺ» አለች። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ «እሺ» ስላለች የዘጋችው መዝገብ ግን የለም። ሦስት ከተማ ያዟዟራትም ይኸው ጠባይዋ ነው።

ማዕከሉ ከተከፈተ ዓመት አልሞላውም። መሬት አስተዳደር፣ የቀበሌ ምዝገባና ንግድ ፈቃድ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ኮምፒውተር እንዲሠሩ ታስቦ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን መብራት ሲኖር ኔትወርክ ይጠፋል፤ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ ሁለቱ የተገናኙ ዕለት ደግሞ የምሳ ሰዓት ይሆናል። ድሮ ከሦስት ቢሮ ባዶ እጁን ይመለስ የነበረ ገበሬ አሁን ከአንዱ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይህን ሁሉ በትከሻው የተሸከመው የሃያ ሰባት ዓመቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ጌታነህ ነበር። የሦስቱን ቢሮ የወረቀት መዝገብ እያስገባ አገናኝቶ፣ ሰኞ ለዞን እንዲልክ ቀን ተቆርጦለታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮ የገባው ለዚሁ ነው።

ጌታነህን የገደለው ጭሱ መሆኑን ሐኪሙ አረጋገጠ፤ ማጅራቱ ላይ ግን እብጠት አለ። ላቀው ሲወድቅ ተመትቶ ይሆናል ብሎ ሊያልፈው ፈለገ።

«በግንባሩ የተደፋ ሰው ማጅራቱን ምን መታው?» አለች ውብአየሁ።

ላቀው ከኪሱ ቁራጭ ወረቀት አወጣ። በጌታነህ ስም ወደ ማሽኑ የገባው የመጨረሻ መዝገብ ነው፤ ቁጥር 214፣ ቅዳሜ፣ 11:05።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት በሕይወት ነበር ማለት ነው» አለ። «እኔ ዘጠኝ ተኩል ላይ ወጥቼ ለእህቴ ልጅ ሰርግ አርባ ምንጭ ወርጃለሁ። ዘበኛው እንደሚለው በአሥራ አንድ ሰዓት እዚህ ግቢ የታየው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሰውየው አቶ ኃይለመስቀል ናቸው፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ የኦቾሎ ተወላጅ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ። ማሽኑ ሲመጣ ከስብሰባ መሐል ተነሥተው «ይህ ነገር መሬታችንን ይውጠዋል» ያሉት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ለምን እንደመጡ ሲጠየቁ ጃንጥላ ረስቼ ነው አሉ። ውብአየሁ ዙሪያውን ብታይ ጃንጥላ የሚባል ነገር የለም። ከጠረጴዛቸው ሥር ግን አንድ ካርቶን አየች። የኮምፒውተሩ ፊደላት ተራ በተራ በእስክርቢቶ ተሥለውበታል፤ ጣት ከመመላለሱ ብዛት ግማሾቹ ወይበዋል።

«መቼ ጀመሩ፣ አባቴ?» ስትላቸው ሽማግሌው አቀረቀሩ።

«ከጥምቀት ወዲህ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሰው ሲሄድ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ያስተምረኝ ነበር። በስብሰባ ተቃውሜ ደግሞ ልማር ብዬ ስመጣ ሰው እንዳይሥቅብኝ ብሎ ለማንም አልተናገረም። ያን ዕለት በሩ ተዘግቶ ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ሰማሁ። ተጣራሁ። ዝም ሲለኝ የሰለቸኝ መስሎኝ ተመለስኩ።» ካርቶኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «በሩን ገንጥዬው ቢሆን ኖሮ…»

ውብአየሁ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ እየተጸጸተ እንዲኖር የፈረደበት ማን እንደሆነ ሳታውቅ ከዚህች ከተማ ላለመውጣት ለራሷ ማለች።

ቀጥላ ያነጋገረችው ዘበኛውን ጋሽ ካሱን ነው። ጄኔሬተሩ ምንጊዜም የሚነሣው ጓሮ ካለው ቆርቆሮ ሥር እንደሆነ፣ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አጥብቆ የሚከለክለውም ራሱ ጌታነህ እንደነበር ነገራት። ቅዳሜ መብራቱ በስምንት ሰዓት ጠፋ። ወዲያው ላቀው ለጤና ጽሕፈት ቤት አድርስ ብሎ ደብዳቤ ሰጠው። ካሱ ሄዶ ቢያንኳኳ ዝግ ነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሲመለስ ላቀው በር ላይ አግኝቶት፣ ጌታነህ እየሠራ ስለሆነ እንዳይረብሸው አስጠንቅቆት ሄደ። ካሱም ትእዛዙን አክብሮ፣ ዝናቡንም ሽሽት ከዘብ ቤቱ አልወጣም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የጄኔሬተሩ ድምፅ ሲጠፋ ሰውየው የሄደ መስሎት የግቢውን በር ቆለፈ።

የቀረችው በመስኮቱ ተቀምጣ መረጃ የምታስገባው ፈይሩዝ ናት። ዓይኗ በልቅሶ ብዛት አብጧል። ውብአየሁ የቅዳሜውን መዝገብ ሙሉውን እንድታትምላት ጠየቀቻት።

«አቶ ላቀው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው አትሚ ያሉኝ» አለች ፈይሩዝ።

«እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው የምልሽ።»

ፈይሩዝ እያተመች የቢሮውን ጉድ ነገረቻት። የጌታነህ የይለፍ ቃል እሱ በሌለበት ሥራ እንዳይቆም ተብሎ ከኪቦርዱ ሥር ተለጥፏል፤ እሷም፣ አቶ ኃይለመስቀልም፣ አቶ ላቀውም ያውቁታል። የማሽኑ ባትሪ ደግሞ ሞቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱም ቀኑም ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ጌታነህ ማሽኑን እንደከፈተ ቀኑን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የፈረንጅ ካላንደር፣ ሰዓቱን ከስልኩ እያየ ያስተካክላል። በቀን አራት አምስት ጊዜ ሲያደርገው ያላየ ሠራተኛ የለም።

ወረቀቱ ወጣ። ቁጥር 212፣ 13:20። ቁጥር 213፣ 13:48። ቁጥር 214፣ 11:05። ውብአየሁ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ፈይሩዝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ወረቀት አቀበለቻት። ጌታነህ የቀበሌውን የሞት መዝገብ ከመሬቱ መዝገብ ጋር ሲያገናኘው የወጣ የአሥራ ሰባት ሰዎች ዝርዝር ነው። ቅጂው ጌታነህ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥላት ፍላሽ ነበር፤ አስከሬኑ ላይ ግን ፍላሿ አልተገኘችም። ሁሉም ከሞቱ በኋላ ይዞታቸውን በስጦታ አስተላልፈዋል፤ አውራ ጣታቸውንም አኑረዋል። ሦስተኛው ከዶርዜ መጥቶ እዚህ የኖረው ሸማኔ ይፍሩ ነው። በ1998 ተቀብሮ በ2001 መሬቱን ሰጥቷል። ሚስቱ ወይዘሮ በለጥሽ ያንን መሬት ፍለጋ አምስት ወር ሙሉ በዚሁ መስኮት ስትሰለፍ «ሲስተም የለም» እየተባለች ተመልሳለች። ውብአየሁ ከሥር ያለውን የአጽዳቂውን ስም አይታ ወረቀቱን አጠፈችና ከኪሷ ከተተችው።

ማግሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰበሰበች። ላቀው በእሱ ቢሮ በዝግ እንዲሆን ፈልጎ ነበር።

«በዚህ አገር ክርክር የሚታየው በዱቡሻ አደባባይ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲሰማ ነው» አለችው። «እኔም አዳራሹን መርጫለሁ። በሩም ይከፈት።» ከውጪ የተሰለፈው ሁሉ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ በለጥሽም ከፊት ነበረች።

ውብአየሁ ማሽኑን ከሶኬቱ አስነቅላ መልሳ አስከፈተችው። ሰዓቱ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሄዷል። ሠራተኞቹ ተራ በተራ እንዲያስተካክሉት፣ የቀሩት ፊታቸውን አዙረው እንዲቆሙ አዘዘች።

«እንደ ኃላፊነትዎ እርስዎ ይጀምሩ፣ አቶ ላቀው።»

ላቀው ሕዝብ ፊት ስለሆነ ደረቱን ነፋ። ቀኑን ከካላንደሩ ገለበጠ፤ የእጅ ሰዓቱን አየና 4:20 ብሎ አስገባ። ፈይሩዝ ስትቀጥል 10:21 አለች። አቶ ኃይለመስቀል በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ቆዩ፤ ሲጨርሱ 10:24 ይላል።

«አሁን ስሙኝ» አለች ውብአየሁ። «ይህ ማሽን የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው። የእኛ አራት ሰዓት ለእሱ አሥር ነው። በየቀኑ የሚቀመጥበት ሰው ይህን ሳያስብ ያውቀዋል። ጌታነህ ቅዳሜ የመጨረሻውን እውነተኛ መዝገብ ሲያስገባ 13:48 ነበር፤ በእኛ ሰባት ከአርባ ስምንት። በስምንት መብራት ጠፋ። ቀጥሎ የገባው 214 ግን 11:05 ይላል። ቁጥሩ ወደፊት ሄዶ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። በማሽኑ አቆጣጠር 11:05 የእኛ ረፋድ አምስት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ መብራት ነበር፤ ጌታነህም ገና አልገባም።»

ላቀው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አላስጨረሰችውም።

«ይህን ያስገባው ሰው ጌታነህ በአሥራ አንድ ሰዓት በሕይወት እንደነበር እንድናምን ፈልጓል። ሰዓቱ እንደሚስተካከል አይቷል፤ ራሱ ግን አስተካክሎት አያውቅም። ፈይሩዝ ብትሆን፣ ጋሽ ኃይለመስቀልም ቢሆኑ 17:05 ይሉ ነበር። በየስብሰባው ስለ ዘመናዊ አገልግሎት ሲሰብክ የኖረ፣ ማሽኑን ግን ሌሎች ሲሠሩበት ከማየት በቀር ነክቶት የማያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው።»

«ሰዓት መሳሳት ወንጀል ነው?» አለ ላቀው።

«አይደለም። ዘበኛውን ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ተዘጋ ቢሮ ደብዳቤ አስይዞ ማባረር ግን ምክንያት ይፈልጋል። ጌታነህን ዝርዝሩን ሰርዝ አሉት፤ እንቢ አለ። ዞር ሲል ማጅራቱን መቱት። ጄኔሬተሩን ኮሪደር አስገብተው አስነሡ፣ መዝገቡን አስገቡ፣ በሩን ዘጉና ወደ ሰርግ ሄዱ። ዝርዝሩን ከማሽኑ ማጥፋት ስላላወቁበት አንገቱ ላይ የምትንጠለጠለውን ፍላሽ ብቻ ወሰዱ።»

የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ከጠዋቱ የላቀውን ቤት ሲፈትሽ የነበረው ረዳቷ ሳጅን ታምሩ ገባና ፍላሿን ከነማንጠልጠያዋ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ከሰርግ ልብሱ ኪስ ነው ያገኘኋት አለ። ውብአየሁም ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችው። አሥራ ሰባቱንም ዝውውር ያጸደቀው የያኔው የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ላቀው ነው።

ላቀው ፍላሿን አያት። ከዚያ በቁጣ ቀና አለ።

«ሁሉም የሞቱ ሰዎች ናቸው። ሙት መሬት ምን ያደርግለታል?»

በለጥሽ ከግድግዳው ተላቃ ወደ እሱ ተራመደች።

«እኔ አልሞትኩም» አለች።

ታምሩ ላቀውን በካቴና ይዞት ሲወጣ የውብአየሁ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው። ወሬው ቀድሟት አርባ ምንጭ ወርዷል። ማዕከሉ ጉዳዩ እስኪጣራ ይዘጋ፣ የአሥራ ሰባቱ ሰዎች ዝርዝርም በምስጢር ይያዝ አለ።

«ዘገዩ፣ ጌታዬ» አለችው። «ሕዝብ ፊት ተነቧል።» ስልኩን ዘጋችና ወደ አቶ ኃይለመስቀል ዞረች። «ቶሎ ያንብቡልኝ፣ አባቴ። ውሸታም ሆኜ እንዳልቀር።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ከጌታነህ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ስም ሲጠሩ ከኋላ አንድ ጎልማሳ «አባቴ ነው» አለ። ሁለተኛው ላይ ማንም አልመለሰም፤ ሰዉ ግን እርስ በርሱ ተያየና አንዱ ልጆቹን ሊጠራ ሮጠ። ሦስተኛውን ሲጠሩ በለጥሽ እጇን አነሣች፤ መስኮቱ ጋ ተጠግታም ስሟ ከይፍሩ ስም አጠገብ እስኪጻፍ ድረስ እጇን አላወረደችም።