ስም የማያውቀው አሻንጉሊት

የአስከሬን መርማሪዋ ሎርና ቤልኮርት ወደ ነርሶች መለማመጃ ክፍል ስትገባ ሁለት ወንዶች ተጋድመው አገኘች። አንደኛው ይተነፍሳል፣ ሌላኛው አይተነፍስም። የሚተነፍሰው አሻንጉሊቱ ነበር።

ስሙ ሃንክ ነው። የላስቲክ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የመስታወት ዓይኖቹ ይርገበገባሉ። ዱሉት ከተማ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ሁሉ የመጀመሪያ በሽተኛዋ እሱ ነበር። ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ የተዘረጋው ደግሞ ዶክተር ኦርቪል ታሚነን ነው፤ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ የአናቶሚ መምህር። ሃንክን ያሠራው እሱ ነው፤ ድምፁን የሰጠውም እሱ ነው።

«ደረቴን… ደረቴን ያመኛል» አለ ሃንክ በሟቹ ድምፅ።

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ክው አለ። «በናታችሁ ይሄን ነገር አጥፉልኝ!»

«ተወው» አለች ሎርና። «እኔን የሚያስቸግሩኝ የሚዋሹት እንጂ የሚያቃስቱት አይደሉም።»

የተጠራችው ለወጉ ያህል ነበር። ኦርቪል የልብ ሕመምተኛ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። የሰውን የሕክምና ታሪክ አይቶ የመሞት ዕድሉን በቁጥር የሚናገረው የሆስፒታሉ የስታቲስቲክስ ሞዴልም «በዚህ ዓመት፣ ሰማንያ ሦስት ከመቶ» ብሎለት ነበር። ስለዚህ ማንም አልደነገጠም። ሟቹ በዚያ ላይ ሬሳውን ለተማሪዎቹ ተናዞ ነበርና የአናቶሚ ክፍሉ መኪና ታች ቆሞ ይጠብቃል። ሎርና ከፈረመች ማምሻውን ደም ሥሩ በመድኃኒት ይታጠባል፤ አካሉ ሊናገር የሚችለው ነገር ሁሉ አብሮ ይታጠባል።

ሎርና ግማሽ ዕድሜዋን አምቡላንስ ላይ የጨረሰች ሴት ናት። አጉል እምነት የላትም፤ ግን ሙታን የሚሰማቸው እስኪያገኙ ድረስ ከክፍሉ አይወጡም ብላ ታስባለች። ኦርቪልም ከዚህ ክፍል እንዳልወጣ ተሰማት።

ተንበረከከች። ሸሚዙን ከፍታ የጎን አጥንቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። አፉንም ከፈተች። ከምላሱ ሥር አንዲት ነጭ ክኒን፣ ጠርዟ እንኳ ሳይሸረፍ፣ ቁጭ ብላለች። ሎርና ክኒኗን በትንሽ ከረጢት ከተተች፤ ከኮት ኪሱም የልብ ክኒኖቹን ጠርሙስ አወጣች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሞዴሉን የሠራውን የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዌንደል ክሮስቢን ነው። እጅጌውን ሰብስቧል፣ ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«ስገባ ወድቆ አገኘሁት። ወዲያው ደረቱን መጫን ጀመርኩ። አምቡላንስ እስኪመጣ አላቆምኩም። ክንዴ ሊገነጠል ነው።»

«መጫን የት ተማርክ?»

«እዚሁ፣ ሃንክ ላይ። ሁላችንም ግዴታችን ነው።»

«ሰው ላይስ?»

«የመጀመሪያዬ ነው። የመጨረሻዬ ያድርገው።»

«ከበሩ በላይ ያለችውን ቀይ መብራት ያበራኸው አንተ ነህ?»

«መብራት አላየሁም።»

ያች መብራት ስትበራ «ልምምድ ላይ ነን» ማለት ነው፤ ውስጥ ምን ቢጮህ ማንም አይገባም። የቤቱ ሕግ ነው፤ ተማሪን የሚያደናግር ሰው ኦርቪል ራሱ ዓይኑን ማየት አይወድም ነበር።

የማሰልጠኛው ኃላፊ ዶክተር ሊዮና ኪቪስቶ ሰዓቷን ደጋግማ እያየች ቀረበች። «ወይዘሮ ሎርና፣ ይህን ያህል ምን ያስቆፍራል? ሽማግሌ ነው፣ ልቡ ታማሚ ነው። ኑዛዜውን እናክብርለት።»

«ሬሳ ሲቸኩል አይቼ አላውቅም፤ የሚቸኩሉት ቋሚዎቹ ናቸው። ከኦርቪል ጋር ያጣላችሁ ምንድን ነው?»

ኪቪስቶ ፊቷ ቀላ። «ሰኞ ሞዴሉ በየክሊኒኩ ሥራ ይጀምራል። ለሙከራ ሁለት ክሊኒኮች ጀምረውታል። ኦርቪል ስብሰባው ላይ ሊቃወም ነበር። ‹የደም ምርመራ ያልተደረገለትን ሰው ጤነኛ አድርጎ ይቆጥራል› ይላል። ዌንደል ግን ሽማግሌው ቁጥር አይገባውም አለኝ።»

«አመንሽው?»

«ማመን ፈለግሁ» አለች ኪቪስቶ ዝግ ብላ። «ስሜን አስይዤበታለሁ።»

ሦስተኛ ያነጋገረቻት አስተማሪ ነርሷን ማርላ ስቴንጋርድን ነው። አጠገቡ ባለው ክፍል ስልኳን እንደጨበጠች ተቀምጣለች።

«ይቅርታ፣ እናቴ ናት። ቱ ሃርበርስ ከተማ ብቻዋን ነው ያለችው። ትናንት መንጋጋዬን አመመኝ፣ ደከመኝ ብላ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ሞዴሉ ሦስት ከመቶ ብሎ ወደ ቤቷ መለሳት። ሦስት እኮ ምንም ማለት አይደለም፣ አይደል?»

ኦርቪል ልክ ከነበረ ያ ሦስት ባዶ ወሬ ነው፤ ዌንደል ልክ ከሆነ ሴትየዋ በሰላም ትተኛለች። ሎርና የትኛው እንደሆነ ገና አላወቀችም፤ አለማወቋም አንገበገባት።

«ለማንኛውም ጎረቤት ይያት።»

«ልኬላታለሁ። ተኝታለች አሉኝ።»

«እሺ። ጠዋት ምን ሰማሽ?»

«ሃንክን ነዋ፣ እንደ ወትሮው። ‹ደረቴን› ይላል፣ ‹እርዱኝ› ይላል። መብራቷ በርታለች፣ አልገባሁም። ጠቅ፣ ጠቅ የሚለውም ይሰማኝ ነበር፤ ዌንደል ሲጫን ነው ለካ። ይሄንን እመሰክርለታለሁ፤ አንዴም አላቆመም።»

«ሌላስ?»

ማርላ ሹራቧን ሰበሰበች። «ይስቁብኛል። አሻንጉሊቱ ስሜን ጠራኝ። ‹ማርላ! ማርላ!› አለ። የኦርቪል ነፍስ ሃንክ ውስጥ የገባች መሰለኝ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው ያለው።»

«ሃንክ ስም ያውቃል?»

«የት አውቆ! የተቀዱለት ጥቂት ቃላት ናቸው። የማንም ስም የለበትም።»

«ነፍስ በግድግዳ አትጣራም፣ ልጄ…» ብላ ሎርና የቀረውን ዋጠችው። ያን ቀሪ ነገር ለዚህች ሴት በኋላ መንገር ይኖርባታል።

ወደ ሃንክ ክፍል ተመልሳ የራስጌውን ሣጥን ከፈተች። ነርሶች መድኃኒት መስጠት የሚለማመዱባቸው የውሸት ክኒኖች በየጠርሙሱ ተደርድረዋል። ከእነሱ አንዷን፣ ከኦርቪል ጠርሙስ ደግሞ ሌላዋን አንሥታ ሁለቱንም ጥቂት ውሃ ውስጥ ጣለቻቸው። ሁለቱም እንደ ጠጠር ተቀመጡ። ሎርና ሦስቱንም ሰዎች አስጠራች።

ሬሳው ተሸፍኗል፤ ሃንክ ግን እንዳፈጠጠ ይተነፍሳል። ማንም ወደ እሱ ማየት አልፈለገም።

«ዌንደል፣ ኦርቪልን እንደተጫንከው አድርገህ ሃንክ ላይ አሳየን።»

ዌንደል መዳፉን አነባብሮ ተጫነ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

«አዎ፣ ይሄ ነው የሰማሁት!» አለች ማርላ።

«ይሄው ነው። ሃንክ ደረት ውስጥ ሞላ አለ፤ ተማሪው አጥልቆ ሲጫነው ጠቅ እያለ ‹ጎበዝ› ይለዋል። የሰው ደረት ጎበዝ አይልም። የሽማግሌ ደረት መጀመሪያ የሚያሰማህ የጎን አጥንቱ ሲሰበር ነው። እኔ ስንቱን ተጭኛለሁ፤ ያ ስብራት እስከ ዛሬ ከመዳፌ አልወጣም። የኦርቪል አጥንት ግን አንዱም አልተሰነጠቀም፣ ቆዳው እንኳ አልቀላም። ሃንክ ተሰብሮብህ ስለማያውቅ ሰውም የማይሰበር መሰለህ።»

«ሰው ነው ብዬ ቀስ ብዬ ተጭኜው ይሆናላ!»

«እሱን ቀስ ብለህ ከተጫንከው ጠቅታው ከየት መጣ? ጠዋት እጅህ የነበረው ሃንክ ላይ ነው።» ሎርና ከረጢቷን ከፍ አድርጋ አሳየች። «የልብ ክኒን ከምላስ ሥር ሲያደርጉት ወዲያው ይሟሟል። ይህች አልሟሟችም፤ የልምምድ ክኒን ናት። ጠርሙሱም በእነሱ ተሞልቷል። ይህን ሦስታችሁም ልታደርጉት ትችሉ ነበር፤ ሣጥኑ ክፍት ነው። ሊዮናም ኦርቪል ዝም ቢል ደስ ይላት ነበር። ኦርቪል ሲሞት እዚህ ክፍል ውስጥ የነበረው ግን ሃንክን ይጫን የነበረው ሰው ብቻ ነው።»

ዌንደል እጁን ከሃንክ ደረት ላይ አነሳ።

«መብራቷን አበራህ፣ ጠብ አነሳህበት። ሲናደድ ደረቱን እንደሚይዘው ታውቃለህ። ክኒኑን ጎረሰ፣ አልሠራለትም። ጮኸ። እዚህ ቤት በዚያ ድምፅ ‹እርዱኝ› ሲባል የሚሮጥ ሰው የለም፤ ሃንክ ሲጮህ ነው የሚውለው። አንተም ልምምድ እንዲመስል ሃንክን ትጫናለህ፣ ትጫናለህ… ሰውዬው አጠገብህ እስኪያልቅ ድረስ።»

ማርላ ግድግዳውን ተደገፈች። «ስሜን የጠራኝ… እሱ ራሱ ነው?»

ልትዋሽላት ትችል ነበር። «እሱ ነው፣ ልጄ። መብራቷን ያበራሽው ግን አንቺ አይደለሽም።»

ዌንደል ወለሉን እያየ አጉረመረመ። «ዓመቱን አይጨርስም ነበር። ሰማንያ ሦስት ከመቶ!»

«እንግዲያ የመኖር ዕድሉን፣ አሥራ ሰባቱን፣ አንተ ገደልክ።»

ፖሊሱ እጁን ሲይዘው ዌንደል አልታገለም። ኪቪስቶ ግን ጭንቅላቷን ይዛ፣ «ለአንድ ሽማግሌ ቅሬታ ብሎ?» አለች።

«ቅሬታው ባዶ ቢሆን ሰኞ ስቆበት ያልፍ ነበር። ሰው እውነት ካልያዘ በቀር አፉን ለመዝጋት ይህን ያህል አይደከምም።»

የማርላ ዓይን ስልኳ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወደ ዌንደል ዞረች። «የእናቴን ደም ወስደዋል?»

ዌንደል ፊቱን አዞረ።

«ዌንደል! ወስደዋል ወይ?»

«የዚያ ክሊኒክ መመርመሪያ… ከተበላሸ ቆይቷል» አለ።

ኪቪስቶ አምቡላንስ እየጠራች ነበር። ማርላ እናቷ ጋ ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አሁንም ጠራ። በመጨረሻ የደከመ ድምፅ መጣ።

«ምነው ማርላ? ተኝቼ እኮ ነው። ክንዴን ደንዝዞኝ…»

«እማዬ፣ እንዳትነሺ። አምቡላንስ እየመጣልሽ ነው።»

«የምን አምቡላንስ? ኮምፒውተሩ ደህና ነሽ ብሎኝ የለ እንዴ!»

ማርላን እንባዋ ቀደማት። ሎርና ስልኩን ከእጇ ቀስ ብላ ወሰደች።

«እናቴ፣ ኮምፒውተሩ እኮ አላየዎትም» አለች። «እኛ መጥተን እንይዎት። በሩ ክፍት ነው?»