የሳልህ ጉልበት

ወጌሻ ዓለሙ ሞቶ የተገኘው በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከእንጦጦ ማርያም በታች ካለው ገደል ሥር ነበር። ያገኙት ጭራሮ ለቃሚ ሴቶች ናቸው። መቶ አለቃ ኤጀታ ሲደርስ ጉሙ ገና ከባሕር ዛፎቹ አልለቀቀም፤ ሴቶቹ ሬሳውን በነጠላ ሸፍነው ራቅ ብለው ቆመዋል።

ዓለሙ የምሥራቅ ጮራ ጣውላ ፋብሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድን ወጌሻ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ተጫዋቾቹ ዳገቱን በሩጫ ሲወጡ እሱ የመድኃኒት ቦርሳውን አንግቶ በእግሩ ይከተላቸዋል።

«አዳልጦት ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ አብሮት የመጣው ፖሊስ። «ሣሩ ጤዛ አርግዟል።»

ኤጀታ ከዋናው መንገድ ገንጠል ብላ ወደምትገባው ቀጭን መንገድ ዞሮ አፋፉ ላይ ወጣና ተንበረከከ። የሟቹ ቦርሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ በውስጡ ካሉት ጠርሙሶች አንዱም አልተሰበረም። ከድንጋዩ ፊት ለፊት ሁለት የተረከዝ ጭረቶች እስከ ገደሉ ጫፍ ይሄዳሉ።

«ቦርሳውን በእርጋታ አስቀምጦ ከሰው ጋር ሲነጋገር ነበር» አለ በመጨረሻ። «የወደቀውም ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ነው። ይኼ ሰው ተገፍቷል።»

ከሟቹ የኮት ኪስ የታሸገ ፖስታ ወጣ፤ በውስጡ ደብዳቤ ነበረ። ፊደሎቹ ትልልቅና ጎባጣ ናቸው፤ ጎልማሳ ሆኖ በመሠረተ ትምህርት የተማረ ሰው ጽሕፈት ይመስላል። እንዲህ ይላል፦ «ለስፖርት ኮሚቴ። የተጫዋች ሳልህን የቀኝ ጉልበት መርምሬአለሁ። የቀኝ ጉልበቱ በሚገባ ድኗል። ኮንትራቱ ቢሰጠው አምስት ዓመት ያለ ሥጋት ይጫወታል። ወጌሻ ዓለሙ።»

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ገመዳ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ወፍራም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው።

«ኮሚቴው ዛሬ ከሰዓት ሊወስን ቀጠሮ ይዟል» አለ። «የአምስት ዓመት ቋሚ ቅጥር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ለእናቱ ሕክምና ጭምር። ለአንድ ኳስ ተጫዋች! የወጌሻውን ቃል ብቻ ነበር የምንጠብቀው።»

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ስቃወም ነው የከረምኩት። ሳልህ ሜዳ ሲገባ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያየው፤ አልክድም። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ በቃሬዛ ወጥቷል። ስንጥቅ ገንቦ ማን ይገዛል?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የውይይት ክበብ ስመራ ነበር። ስድሳ ሠራተኛ ምስክሬ ነው።» ገመዳ ወደ በሩ ተመለከተና ጨመረ፤ «ልጁን ይያዙት፣ ጓድ መቶ አለቃ። ዛሬ ልምምድ የቀረው እሱ ብቻ ነው።»

«ለልጁ በጣም የሚሟገትለትስ ማነው?»

«አሰልጣኙ፣ አባይነህ። ዋንጫ ካመጣ ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ይላካል ተብሏል። ያለ ሳልህ ደግሞ ዋንጫ የለም።»

አሰልጣኝ አባይነህ ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነበር። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«በመኪና ቀድሜ ወጥቼ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ዛፍ ሥር ሰዓት ይዤ ቆሜ ነበር» አለ። «ሯጮቹ አያዩኝም፤ ካዩኝ ለታይታ ይፈጥናሉ። በሩን ነክተው ሲመለሱ እመዘግባለሁ። ይኸው።»

ወረቀቱ ላይ አሥራ አንድ ስም ከነደቂቃው ሰፍሯል። የመጨረሻው በዳዳ ነው፤ ሠላሳ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።

«ሳልህስ?»

«ጉልበቱን ለማሳረፍ አስፈቅዶ ቀረ። እሱን አይጠርጥሩ። ጋሽ ዓለሙ አርጅቷል፣ አዳልጦታል፣ በቃ። ደግሞ የመጨረሻ ቃሉን በጽሑፍ ትቷል። የሟች ቃል መከበር አለበት።»

ኤጀታ ወረቀቱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

ከግቢው ውጭ በዳዳን ከጣውላ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘው። ትከሻው የበሬ፣ ፊቱ የሕፃን የሆነ ወጣት ነው።

«አሰልጣኝህን ዳገቱ ላይ አይተኸው ነበር?»

«እኔ እንኳን...» በዳዳ አንገቱን ደፋ። «አይንገሩብኝና፣ አልጨረስኩም። ግማሽ መንገድ ላይ ሆዴን ቆረጠኝ። ጭራሮ ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ተቀምጬ ውሃ ሰጡኝ፤ ከዚያ ወደ ታች ተመለስኩ።»

ኤጀታ ሴቶቹን መልሶ ጠየቀ። እውነት ነው አሉ፤ እንዲያውም ስለ ቁመቱ ሲያላግጡበት ነበር።

የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ አስቴር ግን ለመናገር ጊዜ ወሰደባት። የምትጸልይበት ቤት በመንግሥት ታሽጎ ነበርና የፖሊስ ልብስ ያስፈራታል።

«ስለ ጸሎትሽ አልመጣሁም» አላት ኤጀታ። «ስለ ዓለሙ ብቻ ንገሪኝ።»

«ትናንት ከሥራ መውጫ ላይ ፖስታ ለመነኝና ሰጠሁት» አለች። «ፊቱ ልክ አልነበረም። ‹አስቴር፣ ነገ ይሄ ልጅ ይጠላኛል› አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።»

«ይጠላኛል? ያመሰግነኛል አላለሽም?»

«ይጠላኛል ነው ያለኝ።»

ሳልህ ላምበረት ላይ፣ የእናቱ የመብሩካ ሱቅ ካለበት ቤት ነበር። ኤጀታ ሲጠራው ከቆጡ በእንጨት መሰላል ወረደ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ። ቀኝ ጉልበቱ በወፍራም ፋሻ ተጠቅልሏል። ኤጀታ ግን እግሮቹን እያየ ነበር። ልጁ በየመርገጫው ግራ እግሩን አስቀድሞ፣ ሳያጥፍ ያወርዳል፤ ሸክሙን ሁሉ የሚችለው የታሰረው ቀኙ ነው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከእናቴ በቀር ምስክር የለኝም።» መሰላሉን ይዞ ቆመ። «ጋሽ ዓለሙ አባቴ ማለት ነበር።»

«የሚያምህ የግራው ነው፣ አይደለም?»

ሳልህ ደነገጠ። «ማን ነገረዎት? ከጋሽ ዓለሙና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ፋሻውን ደህናው ላይ ያሰረልኝ እሱ ነው። ተጋጣሚ የታሰረውን እያየ ይመታል፤ የታመመው ይተርፋል።»

«አሰልጣኝህስ አያውቅም?»

«ጋሽ ዓለሙ ‹ለአባይነህ የነገሩት በማግሥቱ ከተማ ይዞራል› ይል ነበር። ደግሞ እሱም ጠይቆኝ አያውቅ። ትጫወታለህ ወይ ብቻ ነው የሚለኝ።»

ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም በኮሚቴው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ገመዳ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጠ፤ አባይነህ በስተቀኙ። አስቴር ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ማስታወሻዋን ዘረጋች። በዳዳና ሳልህ ከግድግዳው ሥር ቆሙ። ኤጀታ አልተቀመጠም።

«ዓለሙን የገደለው ይህን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ነው» ብሎ ጀመረ። «ዓለሙ አልጻፈውም። ለአስቴር ‹ልጁ ይጠላኛል› ብሏታል። ለልጁ ቤትና ሥራ የሚያሰጥ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ለምን ይጠላል? የዓለሙ ደብዳቤ ሌላ ነበር። ከኪሱ ወጥቶ ይኼኛው ተተካ።»

«የሚጠቀመው ሳልህ ነው፤ ይያዙት ብያለሁ!» አለ ገመዳ።

«ሳልህ ይጠቀማል። እርስዎ አይጠቀሙም፤ ኮንትራቱን ይቃወማሉ፣ ስድሳ ሰውም አይቶዎታል። ግን ደብዳቤው የዳነው የቀኝ ጉልበት ነው ይላል፣ ያውም ሁለቴ። ልጄ፣ ፋሻውን ፍታው።»

ሳልህ አመነታ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ፈታ። ከፋሻው ሥር የወጣው ጉልበት ጤነኛ ነው። ኤጀታ የግራውን ሱሪ ወደ ላይ እንዲሰበስብ ጠቆመው። ጉልበቱ እንደ ድቡልቡል ድንጋይ አብጧል፤ ቆዳው ያብረቀርቃል። በዳዳ «ወይኔ!» አለ ሳያስበው።

«ዓለሙ ያሸው የነበረውን ጉልበት አይስትም። ሳልህም የገዛ ሕመሙን አይስትም። የጻፈው ፋሻውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። በኮንትራቱ የሚጠቀም፣ ዛሬ ጠዋት ዳገቱ ላይ የነበረ፣ የሚያመው የትኛው እንደሆነ ግን የማያውቅ።»

አባይነህ ከንፈሩን ላሰ። «እኔ በሩ ላይ ሰዓት ይዤ...»

«በዳዳን በሠላሳ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ መዝግበኸዋል» አለ ኤጀታ፤ እስካሁን «እርስዎ» ሲለው የቆየው ሰውዬ አሁን «አንተ» ሆኗል። «በዳዳ በሩ ድረስ አልወጣም። ከግማሽ መንገድ ነው የተመለሰው፤ ሴቶቹም መስክረዋል። ሰዓት አልያዝክም። የባለፈውን ሐሙስ እያስታወስክ ሞላኸው።»

የፋብሪካው መጋዝ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

«ሦስት ዓመት አሠለጠንከው» አለ ኤጀታ ድምፁን ሳያነሳ። «የሚያመው የትኛው ጉልበቱ እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅከውም።»

አባይነህ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «እንዲፈርምልኝ ነው የወሰድኩለት» አለ። «የሱን ጽሕፈት አስመስዬ ጽፌ፣ ፈርም ብቻ አልኩት። ቀድሞ የጻፈውን አወጣና አነበበልኝ። እንቢ አለ። ልቀማው ስታገል ገፋሁት... መጨረሻው እንዲህ ይሆናል አላልኩም። ከዚያ የሱን ፊርማ አስመስዬ በፖስታው አሸግኩና ወደ ገደሉ ሥር ወርጄ ኪሱ ከተትኩት።»

«የዓለሙስ ደብዳቤ የት አለ?»

«አቃጠልኩት።»

«ምን ይላል?»

አባይነህ ሳልህን ማየት አልቻለም። «‹ይህ ልጅ ከእንግዲህ ከተጫወተ አንካሳ ይሆናል። ኳሱን ያቁም። ኮንትራቱን ግን ስጡት፤ የተጎዳው ለእናንተ ሲሮጥ ነው› ይላል።»

ሳልህ በግድግዳው ተንሸራትቶ መሬት ተቀመጠ። «ጋሽ ዓለሙ እውነቱን ነበር» አለ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። «ያንን ደብዳቤ ዛሬ ቢያነቡልኝ ኖሮ እጠላው ነበር። ዕድሜ ልኬን እጠላው ነበር።»

አባይነህ በካቴና ታስሮ ሲወጣ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ገመዳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አስቴር፣ ጻፊ። ኮንትራቱ ተቀባይነት አላገኘም። ለማይጫወት ተጫዋች ኮንትራት የሚባል ነገር የለም።»

«ሟቹ ግን...» አለ ኤጀታ።

«ሟቹ የጻፈው ወረቀት የለም፣ ጓድ መቶ አለቃ። ኮሚቴ የሚወስነው በወረቀት ነው።» ገመዳ ወደ ሳልህ ጎንበስ አለና ድምፁን አለሰለሰ። «ቅዳሜ ግን የዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ነው። ኮንትራቱ ሌላ፣ ጨዋታው ሌላ። ለአንድ ቀን፣ ለጓደኞችህ ስትል... ከዚያ በኋላ ጉዳይህን እንደገና ማየት ይቻል ይሆናል።»

ኤጀታ እንቢ እንዲል ልጁን በዓይኑ ለመነው። ሳልህ ፋሻውን ከመሬት አነሳ፤ ለረጅም ጊዜ እጁ ላይ ጠቀለለው።

«እሺ፣ ጓድ» አለ።

ኤጀታ ቅዳሜ የፖሊስ ልብሱን አውልቆ ከሕዝቡ መሃል ቆመ። ሳልህ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም አሉ ያዩት ሁሉ፤ ኳሷ እጁ ላይ ስትደርስ የምትታዘዘው ትመስል ነበር። ሃያ ስድስት ነጥብ አስቆጠረ። ጨዋታው ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ማንም ሳይነካው ዘለለ፣ በግራ እግሩ ወረደ፣ ወደቀ። ጩኸቱ ጭብጨባውን አቋረጠው።

ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ወጌሻ እንዲገባ በእጁ ጠራ። ከተጠባባቂዎቹ ወንበር የተነሳ ሰው አልነበረም።